ሁለት ዓይነት አቤት

ስዊድን አገር ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ከቋንቋቸው ያለ ጥርጥር አውቀዋለሁ የምለው አንድ ቃል ብቻ ነበር ብላችሁ አትሳቁብኝ። ቃሉ «ሬክላም» ነው፤ ማስታወቂያ ማለት ነው። ስቶክሆልም ዳር፣ ኖርስቦሪ ያለው ቤታችን በር ላይ፣ ፖስታ ከሚጣልበት ቀዳዳ ከፍ ብሎ፣ «ሬክላም አንፈልግም፣ እናመሰግናለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ስወጣ አነበዋለሁ፣ ስገባ አነበዋለሁ። ሌላው ስዊድንኛ ሁሉ ቢከዳኝ ይኼ አይከዳኝም፣ የቤት ልጅ ነው እያልኩ ኖርኩ። ጉድ የሠራኝ እሱ ነው።

የመጣሁት ለትምህርት ነው። የውሃ ባለሙያ ነበርኩ፤ መሥሪያ ቤታችን ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው የሞላበት ስለነበር ሥራው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። እኔና ስዊድንኛ ደረጃ ላይ እንደሚተላለፍ ጎረቤት ሰላም ብቻ እየተባባልን ጡረታ ወጣሁ። ደግሞ ተፈጥሮዬንም ልንገራችሁ፣ ጭንቀታም ነኝ። ሳልጨነቅ የዋልኩበት ቀን ከተገኘ፣ ምን ሊመጣ ቢሆን ነው እንዲህ ጸጥ ያለው ብዬ ማታውን የምጨነቅ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ትርሲት አረጋውያንን ስትንከባከብ ውላ ስትመጣ፣ እቤት ደግሞ ደመወዝ የማይከፈልበት ሌላ ሽማግሌ ይጠብቀኛል ትላለች።

አንድ ልጅ አለችን፣ ቤዛ የምትባል። የምትኖረው ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ ሱንድቢበሪ ነው። አማርኛ አንድ ቃል ሳያመልጣት ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው፤ ግማሹ ይገባኛል፣ ግማሹን ከፊቷ አነበዋለሁ። ባሏ ዩናስ የአገሬው ልጅ ነው፤ ሥራው ሰሜን፣ ማዕድን የሚቆፈርበት ስለሆነ አንድ ሰሞን እዚያ አንድ ሰሞን እዚህ ነው። ቤዛ ማርገዟን ስትነግረን ትርሲት እልል አለች። እኔ ፊት ለፊቴ የመጣው የልጅ ልጅ አልነበረም፤ ምጥ ነው። ዩናስ ሰሜን እያለ ምጡ ቢመጣስ? በረዶ ቢሆንስ? ባቡሩ ቢቆምስ? ቤዛ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ታክሲ እጠራለሁ አለች።

ታክሲ! አባቷ በሕይወት እያለ! «የማደርስሽ እኔ ነኝ» አልኳት። «መኪና እገዛለሁ።» ትርሲት ቀይ መስመር ባቡር በራችን ላይ እየተነሳ መኪና ምን ያደርግልናል ብላ ነበር። ግን ቃል ከአፌ ወጥቷል፤ ለልጅ የተገባ ቃል ደግሞ አይታጠፍም።

ጎረቤት ሰፈር ከሆነው ከሃሉንዳ ወዲያ ያገለገሉ መኪናዎች የሚሸጥ አንድ ሰው ዘንድ ሄድኩ። ስሙ ላሴ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ለስላሳ፣ በር የሚከፍትልህ፣ የቀረፋ ዳቦ የሚያቀርብልህ ሰው። ዳቦውን ከበላሁ በኋላ ዋጋ መከራከር ነውር መሰለኝ። አንዲት ሰማያዊ መኪና አሳየኝ። ጎማዋን በእግሬ መታ መታ አደረግኩት፤ ለምን እንደሚመታ አላውቅም፣ ገዢ ሁሉ ሲመታ አይቻለሁ። የኋላ ወንበሯ ሰፊ ነው፣ ነፍሰ ጡር ተመችቷት ትቀመጣለች። ገዛኋት።

ሳምንት አልቆየችም፤ ከትርሲት ጋር በትልቁ መንገድ ስንሄድ መሪው ፊት ያለው መብራት ሁሉ ባንድ ጊዜ በራ፣ ሞተሩ ጸጥ አለ። ከኋላችን ያለው የጭነት መኪና ክላክስ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። በጎታች መኪና ተወሰድን። ላሴ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሠርቶ መለሰልኝ፤ ቁልፉን ሲሰጠኝ «አሁን ሁሉ ደህና?» አለኝ። «ብራ፣ ታክ» አልኩት። ደህና፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው።

ሁለተኛ የቆመችው ከመሬት በታች በሚያልፈው የመኪና መንገድ ዋሻ ውስጥ ነው። ስለ ዋሻው ብዙ አላወራም፤ ሳስታውሰው ዛሬም ላብ ያጠምቀኛል። ላሴ አሁንም ሠራ፣ አሁንም «ሁሉ ደህና?» አለ፣ አሁንም «ብራ፣ ታክ» አልኩ። ምን ላድርግ ታዲያ? የእኛ ሰው እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚለው። ሰውየው ዳቦ አብልቶኛል፣ በር ከፍቶልኛል፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ደህና ነህ ሲለኝ ደህና አይደለሁም ልበለው? ይሉኝታ የሚባል በሽታ ሐኪም ቢያገኝ ኖሮ መጀመሪያ የምሰለፈው እኔ ነበርኩ።

ሦስተኛው ልምምድ ላይ ነው። አዎ፣ ልምምድ። ከሱንድቢበሪ ሆስፒታል ድረስ ያለውን መንገድ አስቀድሜ ካልነዳሁት እንቅልፍ አልወስድህ አለኝ። ትርሲትን ለምኜ ለምኜ ከኋላ አስቀመጥኳት፤ የወንበሩ ቀበቶ ከሆድ በታች በትክክል ማለፉን ለማየት ደግሞ ትልቁን ትራስ ካፖርቷ ውስጥ ከተትኩት። መንገዱ ላይ ያለውን ድልድይ እንደተሻገርን መኪናዋ ሞተች። ወርጄ ራሴን ይዤ ስንቆራጠጥ ብስክሌት የምትነዳ አንዲት ሴትዮ ቆመች። እኔን አየች፣ ከኋላ የተቀመጠችውን ሽበታም እርጉዝ አየች፣ መቼ ነው የምትወልደው ብላ ጠየቀችኝ። ልቤ ያለው ልጄ ዘንድ ነውና «ዛሬ ነገ ነው» አልኳት። ሴትዮዋ ወዲያው ለአምቡላንስ ስልክ ስታወጣ ትርሲት አላስቻላትም፣ በሩን ከፍታ ትራሱን ከሆዷ ጎትታ አወጣችው። የሴትዮዋን ጩኸት የሰማ መንገደኛ ሁሉ ቆመ።

ያን ቀን ደግሞ የላሴ መካኒኮች መረመሯትና ምንም ጉድለት አላገኘንም አሉ። እነሱ ፊት ስትቀርብ የምታሳየው ጨዋነት! ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ እንደሚሻለው በሽተኛ ናት። ስለ ድካማቸው አመስግኜ ወጣሁ። እቤት ስንገባ ትርሲት ጫማዋን እያወለቀች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም?» አለችኝ። «አንተ ደጃዝማችነት አልጠየቅክም። የምትሄድ መኪና ነው የጠየቅከው።»

እውነቷን ነው። የቤዛ ሆድ እየገፋ፣ ዩናስ እንደገና ሰሜን ሊሄድ ነው። በየሌሊቱ በሕልሜ ዋሻው ውስጥ ቆሜ ልጄ ከኋላ ታቃስታለች። በመጨረሻ የኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር ማለት ነው፣ የሸማቾች አማካሪ ዘንድ ደወልኩ። በእንግሊዝኛ እንነጋገር ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። ይኸውላችሁ፣ ኩራት! ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ በእንግሊዝኛ? «ኔይ፣ ኔይ»፣ አይሆንም አልኳት። ስዊድንኛዋን እንደ ዝናብ አወረደችው። ሕግ አለ፣ ገዢን ይጠብቃል፣ እስከዚህ ገባኝ። አንተ ግን ማድረግ ያለብህ አለችኝ፣ መኪናዋን ቶሎ ሬክላሜራ ማድረግ ነው፤ በጽሑፍ፣ በግልጽ፣ ሳትዘገይ።

ሬክላሜራ! የቤቴ ልጅ፣ የበሬ ላይ ቃል! ሬክላም አውጣባት፣ ማስታወቂያ ንገርባት ማለቷ ነው። ስልኩን ዘግቼ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ይኼ ሐቀኛ የተባለ መንግሥት፣ የተበላሸ መኪና ቶሎ ለሌላ ሰው አሸክም ብሎ ይመክራል? ኅሊናዬ እምቢ አለ። ግን የመንግሥት ሠራተኛ ናት የተናገረችው፣ ሕግ አለ ብላለች፣ በጽሑፍ ብላለች። እንግዲህ የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ አልኩ። ቤዛን እንዳላስጨንቅ አልጠየቅኳትም፣ ትርሲትን እንዳትቆጣኝ አልነገርኳትም።

የጻፍኩትን ማስታወቂያ ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል። በብርድም በሙቀትም ባንድ ቁልፍ የምትነሳ፣ አንድም ቀን አሳፍራን የማታውቅ፣ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚሄዱባት! የአገር ቤት ደላላ ቢያነበው ትንሽ በዛ ይል ነበር። ከሕንጻችን ፊት አቁሜ፣ አጥቤ፣ ፎቶ አንስቼ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት። ለቅቄውም እግዚኦ አልኩ።

በማግስቱ አንድ ጎልማሳ ሊያያት መጣ። ከመኪናዬ ጎን ቆሞ ቆይ ሚስቴም ትምጣ አለ። መጣች። ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ። የኋላ ወንበሩ ላይ እያቃሰተች ገብታ ተቀመጠችና ሰፊ ነው፣ ይመቻል አለችኝ። በቃ። የመጀመሪያውን ብልሽት ነገርኳቸው፣ ዋሻውን ነገርኳቸው፣ ትራሱንም ነገርኳቸው። ሰውየው ማስታወቂያውን ከስልኩ እያነበበ፣ ፊቴን እያየ፣ ሚስቱን ቀስ ብሎ ደግፎ አወረዳት። አመስግነውኝ ሄዱ። ገበያ አውጥቶ ገዢ የሚያባርር ሻጭ ከእኔ በፊት አልተፈጠረም።

ከዚያ ላሴ ደወለ። ማስታወቂያውን አይቶታል። መኪናዋ እንዲህ ስለተስማማችህ ደስ ብሎኛል፣ እንግዲህ ጉዳያችን ተዘጋ ማለት ነው አለኝ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። ምን እንዳልኩት ልንገራችሁ? «ብራ፣ ታክ» አልኩት።

ዩናስ ሰሜን ስለሄደ በዚያ ሰሞን ቤዛ እኛ ዘንድ መጥታ ነበር። እራት ላይ አላስችል ብሎኝ ሁሉን ተናዘዝኩ፤ መንግሥት ሬክላሜራ አድርግ እንዳለኝ፣ እኔም እንዳደረግኩ። ቤዛ ሹካዋን አስቀመጠች። ማስታወቂያውን ከስልኬ አነበበችው። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ እኔ አሁን ትወልዳለች ብዬ ተነስቼ እስክቆም ድረስ ሳቀች። በስዊድንኛ የምትለውን ትርሲት ናት የተረጎመችልኝ። ሬክላሜራ ከበራችን ላይ ካለው ሬክላም ጋር ዝምድናቸው የስም ብቻ ነው። «አቤት በል ነው ያለችህ» አለችኝ ትርሲት። «ሻጩን ዕቃህ ተበላሽቷል ብለህ አቤት በለው ነው። አንተ ግን አወደስክለት።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለት ዓይነት አቤት አለ። አንደኛው ሲጠሩህ የምትለው ነው፤ ልጅ ሆነን ሲጠሩን «ምን» ያልን እንደሆነ በኩርኩም የተማርነው። ሁለተኛው ሲበድሉህ የምትለው ነው፤ እሱን ማንም አላስተማረኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የመጀመሪያውን ስል ኖርኩ፤ ላሴ ሁሉ ደህና ባለኝ ቁጥር እኔ አቤት ጌታዬ ነበር ያልኩት።

ቤዛ አማካሪዋ ዘንድ ደውላ ስልኩን ለሁላችንም እንዲሰማ አደረገችው። ሴትዮዋ ማስታወቂያውን ስትሰማ ስልኩን ከአፏ አርቃ እንደሳቀች ታውቆናል። ከዚያ አስረዳችን። ሻጩ የመጠገን ዕድል ሊሰጠው ይገባል፣ ዕድሉ ግን መጨረሻ የለውም ማለት አይደለም። ያው ብልሽት ከተጠገነ በኋላ ደጋግሞ ከመጣ ገዢው ግዢውን ማፍረስ ይችላል፤ ቁልፉን መልሶ ገንዘቡን ይቀበላል። ከግዢ በኋላ ብዙ ሳይቆይ የታየ ብልሽት ደግሞ ሲሸጥም እንደነበረ ይቆጠራል፤ አልነበረም የሚል ከሆነ ሻጩ ያስረዳ። ማስታወቂያው? ዛሬውኑ አውርዱት፣ ማስታወቂያ መኪና አይጠግንም አለች። ወይ ሕግ! እንዲህ ያለ ሕግ ከጎኔ ቆሞ ሳለ ነው እኔ የቀረፋ ዳቦ አክብሬ ዋሻ ውስጥ የተንቀጠቀጥኩት።

ማስታወቂያውን አወረድኩ፤ ቤዛ አቤቱታዬን በስዊድንኛ አድርጋ ለላሴ ላከችው። ላሴ መለሰ፤ በማስታወቂያህና በአቤቱታህ መሃል ግራ ገብቶኛል፣ እስኪ አምጣትና እኔው ራሴ ልንዳት አለ። ትርሲት ሥራ ላይ ስለነበረች ቤዛ ላስተርጉምልህ ብላ አብራኝ ሄደች። እምቢ ብያት ነበር፤ ገና ጊዜ አለኝ አለችኝ።

ላሴ መሪውን ያዘ፣ እኔ ከጎኑ፣ ቤዛ ከኋላ። ትልቁ መንገድ ላይ ወጣን። መኪናዋ እንደ ሙሽራ ተለሳልሳ ሄደች። ድምፅ የላት፣ መንቀጥቀጥ የላት። ጭንቀቴን አስቡት፤ ካልቆመች ውሸታም ልሆን ነው፣ መኪናዋም የእኔ ሆና ልትቀር ነው፣ ልጄም በሷው ልትሄድ ነው። ቁሚ፣ እባክሽ ቁሚ እያልኩ በሆዴ ለመንኩ። ነፍሰ ጡር ልጁ ከኋላ ተቀምጣ መኪና ይቁም ብሎ የሚጸልይ አባት ምን ዓይነት አባት ነው? ደግሞ ወዲያው አትቁሚ እላለሁ። ከዚያ ቁሚ እላለሁ። መኪናዋም የቱን እንደምትሰማ ግራ ሳይገባት አልቀረም።

ላሴ ፈገግ ብሎ ዞር አለና ያንን ጥያቄ ጠየቀኝ። ሁሉ ደህና?

ምላሴ «ብራ» ለማለት ተነስታ ነበር። ነከስኳት። በመስተዋቱ ቤዛን አየኋት፣ ዓይኗን ጨፍናለች። «ኔይ» አልኩ። «ኢንተ ብራ። ያግ ሬክላሜራር።» አይደለም፣ ደህና አይደለም፣ አቤት እላለሁ ማለቴ ነው። ስዊድንኛ በተናገርኩበት ዘመን ሁሉ እንደዚያች ያለ የተስተካከለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ላሴ ጆሮው ሁሉ ቀላ። ታዲያ አንድም ቀን አሳፍራን አታውቅም ብሎ የጻፈው ማን ነው ብሎ ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት መብራቱ ሁሉ ቦግ አለ፣ ሞተሩ ጸጥ አለ። እንደምንም ወደ መንገዱ ዳር አወጣት። ቁልፉን አዞረ። እንደገና አዞረ። ምንም።

ደስታዬን አልደብቃችሁም፣ አጨበጨብኩ። ያን ጊዜ ከኋላዬ ቤዛ ቀስ ብላ አንድ ነገር አለች፦ «ፓፓ፣ ቫትነት ሃር ጎት።»

ውሃው ሄደ ማለት ነው። ይኼ እንኳ በደንብ ገባኝ፤ ዕድሜዬን የውሃ ሰው ነኝ! «ሰማህ ላሴ?» አልኩት። «ውሃዋም ፈሷል! ራዲያተሩም ተበላሽቷል! እሱም አቤቱታው ላይ ይግባ!» ወርጄ ከፊቷ ሥር አጎንብሼ ውሃው የት ጋ እንደፈሰሰ መፈለግ ጀመርኩ። አስፋልቱ ደረቅ ነው። ቀና ስል ላሴ ከወንበሩ አልተነሳም፤ ያ ቀይ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ ወደ ኋላ ያያል።

«አባዬ» አለች ቤዛ።

«አቤት» አልኩ።

«የመኪናው አይደለም። የእኔ ነው።»

በአማርኛ ነው ያለችው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በስዊድንኛ ስትመልስልኝ የኖረች ልጅ አማርኛውን ለዚህ ቀን አስቀምጣው ነበር። እኔ እጄን አየር ላይ እንደሰቀልኩ ቀረሁ፤ የተለማመድኩት፣ የለካሁት፣ በሕልሜ ያየሁት ሁሉ ጠፋብኝ። እሷ ናት ስልኳን አውጥታ፣ የታክሲውን ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስቀምጣው ኖሮ፣ ያለንበትን በእርጋታ የነገረቻቸው። ላሴ ጃኬቱን አውልቆ ሸፈናት፣ መንገዱ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት አቆመ፣ እንደገና መጥቶ እንደገና ሸፈናት። ታክሲው ሲደርስ እኔንም ገፍቶ አስገባኝና በመስኮቱ በኩል ግዢው ፈርሷል፣ ሂዱ፣ ሂዱ አለኝ። ወደ ኋላ ሳየው በሸሚዙ ብቻ፣ ከቆመችው መኪና ጎን፣ ጎታች ይጠብቃል። አሳዘነኝ። ይሉኝታዬ ተነስቶ ታክሲውን አስቁም ሊለኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት።

ሆስፒታል አዋላጇ ቤዛን አስተኝታ፣ እጇን ይዛ፣ እንዴት ነሽ፣ ሁሉ ደህና ብላ ጠየቀቻት። ልጄ ከንፈሯን ነክሳ፣ ላብ በግንባሯ እየወረደ፣ ምጥ አጣድፎ ይዟት «ብራ፣ ታክ» አለች።

ደነገጥኩ። ለካ ቋንቋዬን ትታ በሽታዬን ወርሳለች! «ብራ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ቤዛዬ፣ አቤት በይ! ሬክላሜራ አድርጊ!» አዋላጇ ምን ዓይነት ሰው ነው ያመጡብኝ ብላ ስታየኝ በሩ ተከፈተና ትርሲት ከነሥራ ልብሷ ገባች። ማርያም ትቅረብሽ ብላ ልጇን ሳመች፣ እኔን ክንዴን ይዛ ኮሪደር አወጣችኝ።

ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ዩናስ ደወለ፣ በመጀመሪያው አውሮፕላን እየመጣ ነው። ላሴም መልእክት ላከ፤ ጎታቹ መጥቷል፣ ገንዘብህ ይመለሳል፣ ልጅትየዋ እንዴት ናት ይላል። ምን ብዬ እንደምመልስለት ሳስብ ከበሩ ጀርባ ቤዛ ጮኸች። ይሉኝታ የሌለው፣ ጎረቤት ምን ይለኛል የማይል፣ ረጅም ጩኸት ነው። ጎበዝ፣ አልኩ ግድግዳውን ተደግፌ፣ ጎበዝ ልጄ፣ አቤት በይ። ከዚያ ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

ወዲያው ሌላ ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ የተናደደ፣ ማቆሚያ የሌለው። ያች የልጅ ልጄ ናት። ዓለምን ገና አንድ ጊዜ አይታ፣ ማንንም ሳታመሰግን፣ ከቤተሰባችን ሁሉ የመጀመሪያዋ ሆና፣ ማንም ሳያስተምራት፣ አቤት አለች።